አጥሩ ከመድረሱ በፊት፦ የጅማ ዳር ሰፈሮች የእግር መንገዶችና ጨፌዎች

ከሰፈራችን ጀርባ ተነስቶ ወደ ጅሬን ኮረብታ የሚወጣ የእግር መንገድ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ በክረምት የሚያንሸራትት፣ በበጋ ጫማን በቀይ አቧራ የሚያለብስ ቀጭን መንገድ ነው። እሑድ ማለዳ እሄድበታለሁ። ባለፈው ዓመት ከክረምቱ ማግስት እንደ ልማዴ ስወጣ፣ ከብሳናው ዛፍ አጠገብ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ጠበቀኝ። አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ግራና ቀኝ ያያሉ። እኔን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ መንገዱን የት አደረሱት?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ተያይዘን በአንድ ገበሬ የቡና ማሳ ውስጥ አቋርጠን፣ ቦይ ዘልለን፣ ከአጥሩ ኋላ ዞረን ወጣን። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። እሳቸው ግን ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ከእኔ ክብደት ብዙም የሚያንስ አልነበረም።

የእኔ እሑድ ትንሽ ነገር ናት። ለእኚያ እናት ግን መንገዱ እንጀራቸው ነው። ተማሪው በእሱ ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ ወተት ሻጯ በእሱ ገበያ ትወርዳለች፣ ሐኪም «ደም ግፊትህ ጨምሯል፣ ተንቀሳቀስ» ያለው ጎረቤቴም የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በጅማ ዳር ሰፈሮች ይህ ምክር የሚፈጸመው በስፖርት አዳራሽ አይደለም፤ በእነዚህ ቀጫጭን መንገዶች ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጅማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከዘለቀ ወዲህ፣ ስለ እግረኛ መንገድና ስለ አረንጓዴ ቦታ መነጋገር የዕለት ተዕለት ጉዳያችን ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ለረጅም ጊዜ እግረኛውን ወደ አስፋልት ጠርዝ ሲገፋ የኖረ ከተማ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማየቱ ቀላል ለውጥ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በመሃል ከተማ አዲስ የእግረኛ መንገድ በንጣፍ ድንጋይ ሲሠራ፣ በዚያው ወቅት በዳር ሰፈሮች ለብዙ ትውልድ የቆየው የእግር መንገድ ያለ ምንም ውይይት በአጥር ይዘጋል። አንዱን በብዙ ገንዘብ እንገዛለን፤ ሌላውን በነፃ እናጣለን። ጅማ ለአዲስ አረንጓዴ ቦታ በጀት ከመመደቧ አስቀድማ ያሏትን መንገዶችና ጨፌዎች (ረግረጋማ ሜዳዎች) ቆጥራ ፕላኗ ላይ ልታሰፍራቸው ይገባል።

ያላት ደግሞ ጥቂት አይደለም። ከላይ ጅሬን አለ። ከ1878 እስከ 1932 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙበት ኮረብታ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ከተማዋ በዛፎች መካከል የተበተነ ቆርቆሮ ትመስላለች። ከመሃል አዌቱ ወንዝ ሰፈሮቹን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ከታች በኩል ቂጦ፣ ኮፌና ቦዬ የተባሉት ረግረጎች ተዘርግተዋል። ቦዬ ከመሃል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ጉማሬ የሚታይበት ቦታ ነው። ጉማሬን ያህል የዱር እንስሳ በባጃጅ ደርሶ የሚያይ የከተማ ነዋሪ በአገራችን ስንት ነው? ኮረብታውን፣ ወንዙንና ረግረጉን የሚያገናኙት የእግር መንገዶች ናቸው። ጅማ ራሷ ከእግር መንገድ የተወለደች ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ላይ፣ ገበያው ሂርማታ ላይ ሆኖ፣ የሐሙስ ገበያተኛ ከየአቅጣጫው በእግርና በበቅሎ ሲጎርፍ ነው ሰፈር የተቆረቆረው። አስፋልቱ የመጣው በኋላ ነው።

መንገዱ የሚጠፋው በክፉ ሰው ተንኮል ነው ብዬ አላምንም። አጥሩን ያቆመው ሰው ካርታ አለው። ካርታው ላይ ያለው ቦታ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የእሱ ነው፤ መስመር አላለፈም። ስህተቱ የተፈጸመው ከእሱ በፊት፣ ቦታው ሲሸነሸን ነው። መሬት ለመኖሪያ ሲዘጋጅ ቀያሹ የሚለካው የመኪና መንገዱን፣ የቦታዎቹን ስፋትና የውሃ መውረጃውን ነው። የሰው እግር የሠራው መንገድ በመሣሪያው ላይ አይታይም፣ ወረቀቱም ላይ መስመር የለውም። ስለዚህ አንዱ ቤት በመንገዱ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ወገቡ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቶቹ አጥር ሲያቆሙ መንገዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቶ ያድራል። የሚከስሰው የለም፤ በሕግ ፊት ያልነበረ መንገድ ተዘጋ ተብሎ አቤቱታ አይቀርብም።

ይህ የሚስተካከልበት ቦታ አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች የመዋቅር ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው ያደርጋል። የአገሪቱ የከተማ ፕላን አሠራርም ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚል መርሕ ይዟል። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። ለመንገድ ከተባለው 30 በመቶ ውስጥ የእግር መንገዱ ስንዝር እንኳ ለምን አይቆጠርለትም? ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ቅጥልጥል መስመር፣ ጭነት ያላቸው ሁለት አህዮች ተላልፈው የሚያልፉበት ያህል፣ ከመሸንሸኑ በፊት ቢሰመር የማንንም ቤት አያፈርስም። ከሸነሸኑ በኋላ ግን ካሣ፣ ክርክርና ፍርድ ቤት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

ወደ ጨፌው ልውረድ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚያ ነው።

በጅማ ቤት ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የሚነሰነሰው ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ የሚያስብ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ከረግረጉ ነው። ለበዓል ዋዜማ ገበያ ዳር ተደርድረው ቄጠማ የሚሸጡ ሴቶች ማለዳ ጭቃ ውስጥ ገብተው ነው የሚያጭዱት። አንድ ጊዜ በቂጦ በኩል ስሄድ የእሥሩን አሠራር ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋ እፍኝ እፍኙን ታጭዳለች፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክራ ጭቃውን ታራግፋለች፣ ከዚያ በራሱ በቄጠማው ጠምዝዛ ታስረዋለች። ገመድ አትገዛም። ሥሩን አትነቅልም፤ ከሥሩ አንድ ጋት ያህል ትታ ነው የምታጭደው። ለምን ብዬ ስጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝና፣ ከነቀልኩት ለሚቀጥለው በዓል ምን አጭዳለሁ አለችኝ። ረግረግን እየተጠቀሙ ማቆየት ምን እንደሚመስል ከዚያች ሴትዮ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም።

የረግረጉ ጥቅም ከቄጠማ ያልፋል። ጅማ በዓመት ከ1400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ያ ሁሉ ውሃ በሰኔና በሐምሌ ከጅሬንና ከሌሎቹ ኮረብታዎች ቁልቁል ሲወርድ፣ ረግረጉ እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል፣ ጎርፉን ያረጋጋዋል፣ ደለሉን ያስቀረዋል፣ ከዚያ በበጋ ቀስ እያለ ይለቅቀዋል። አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ፣ የመንደሩንና የገበያውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚገባው ወደ ቦዬ ነው። የቦዬ ውሃ ደግሞ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፤ በግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ። ቦዬ የተሸከመውን ቆሻሻና ደለል ማጣራት ባቆመ ቀን፣ ሂርማታ ውስጥ የተጣለ ፌስታል የግድቡ ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ጨፌውን የሚበላው ምንድን ነው? በዓይን የሚታዩት ሁለት ናቸው፤ ባህር ዛፍና ጡብ። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቤት ሠርቶልናል፣ አብስሎልናል፣ ውለታውን አልክድም። ረግረግ ጠርዝ ላይ ሲተከል ግን ውሃ መጣጭ ሥሩ መሬቱን ያደርቃል። ተካዩም ያንን ያውቃል፤ አንዳንዱ የሚተክለውም መሬቱ ደርቆ ለቤት እንዲመቸው ነው። ጡቡ ሌላ ነው። የረግረጉ ሸክላ አፈር ለጡብ ተስማሚ ስለሆነ ወጣቶች ይቆፍራሉ፣ በቅርጽ ይመታሉ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ ከዚያ በእንጨት እሳት ያቃጥሉታል። የሚቀረው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ትንኝ ይፈለፍላል፣ በረግረጉ ዳር ያሉ ቤቶች ወባ ይገባቸዋል። በዚያ ላይ ለማቃጠያው የሚሄደው እንጨት ከኮረብታው የሚመጣ ነው። አንድ ጡብ ከላይም ከታችም ይበላል።

የጡብ ሠሪዎቹን ልጆች ተቆጥቼ ልጽፍባቸው አልችልም። በእንጀራቸው ላይ ናቸው። ከተማው ጡብ ይፈልጋል፤ እኔም የምኖርበት ቤት በጡብ የተሠራ ነው። የማይገባኝ ግን የት ይቆፈር፣ የት አይቆፈር የሚለው ያለ ካርታ መሆኑ ነው። ረግረጉ መሃል ያለው የውሃ መተላለፊያና ወፎች የሚራቡበት ቦታ ተለይቶ ቢከለል፣ ቁፋሮው ደግሞ ከዳር ባለው ደረቅ ሸክላ ላይ ቢወሰንና ጉድጓዱን መልሶ መሙላት የፈቃዱ ግዴታ ቢሆን፣ ልጆቹም ሥራ አያጡም፣ ከአክሊሉ ወርቃማ ላባ የተነሳ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ያ ረጅም ወፍም ማረፊያ አያጣም።

የእግር መንገዱና ጨፌው የተያያዙት እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚሄድበት ረግረግ ይታያል። የሚታይ ቦታ ደግሞ በስርቆት አይሸነሸንም፣ ሌሊት ቆሻሻ አይደፋበትም፣ ተደፍቶ ቢገኝም ነገ ጠዋት የሚናገር ሰው አለ። በዳር ያለ ረግረግ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ማንም የማያየው መሬት ስለሆነ ነው። በቦዬ ዙሪያ ዳሩን ይዞ የሚዞር፣ ከውሃው በቂ ርቀት ያለው የእግር መንገድ ቢኖር ከአሥር የጥበቃ ምልክት ይበልጣል። ርቀቱን የምጠቅሰው ለጉማሬው ነው። ጉማሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ሣር ሊበላ ከውሃ ይወጣል፣ በእሱና በውሃው መካከል የገባን ሰው አይምርም። ስለዚህ የቦዬ መንገድ የጠዋትና የቀን መንገድ ሊሆን ይገባል፤ ከአመሻሹ 11 ሰዓት በኋላ ሰው እንዳይገባ ማድረግም ከባድ አይደለም። ልጆችም ብቻቸውን አይላኩበት።

አሁን ስለ መንገድ አሠራር ትንሽ ልበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ስለሆነ።

በኮረብታ ላይ የእግር መንገድ ሠራን ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ የተቆረጠ መስመር ነው። ለዓይን ያምራል። የጅማ ቀይ አፈር ግን ለዚህ ይቅርታ የለውም። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የዘነበ ውሃ መውጫ ስለሌለው መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎ ይሮጥበታል። በመጀመሪያው ክረምት ጣት የሚያስገባ ቦይ፣ በሁለተኛው ጉልበት የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል። ሰው ቦረቦሩን ሸሽቶ በጎን ሲሄድ ሌላ መንገድ ያወጣል፣ እሱም በተራው ይቦረቦራል። በዓለም ላይ የእግር መንገድ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ሕግ አለ፤ የመንገዱ ዳገት ከኮረብታው ዳገት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ኮረብታው በ100 ሜትር 30 ሜትር የሚወጣ ከሆነ፣ መንገዱ ከ15 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ይህ ማለት መንገዱ የኮረብታውን ጎን እያቋረጠ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይሮጥበትም።

ይህን ሕግ ጅማ ውስጥ ከሁሉ በተሻለ የሚያከብረው አህያ ነው። ጭነት የያዘ አህያ ዳገቱን ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጎኑን ይዞ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ወደ ጅሬን የሚወጡት የቆዩ መንገዶች አብዛኛዎቹ የአህያና የበቅሎ መንገዶች ስለሆኑ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ አልቋል። የሚያስፈልገው ሲሚንቶ አይደለም። በየ20 እና 30 እርምጃው መንገዱን አሻግሮ የተቀበረ ድንጋይ ወይም ግንድ ውሃውን ወደ ጎን እንዲያወጣ፣ በጣም በሚያዳልጠው ቦታ ላይ ጥቂት የድንጋይ እርከን፣ ቦይ በሚያቋርጥበት ላይ ደግሞ ጠንካራ የእንጨት ድልድይ ቢኖር ይበቃል። ይህ የአንድ ቀበሌ ወጣቶች በአንድ በጋ የሚጨርሱት ሥራ ነው።

ጥላውም ተሠርቶ ያለ ነው። በጅማ ዳር የቡና ማሳ ያለ ዛፍ አይኖርም፤ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ዋንዛው ቡናው ላይ አጥልቶ ይቆማል። ጉሬዛዎች ከሰሳ ወደ ሰሳ ሲዘልሉ ነጭ ጭራቸው ይታያል። በዚህ ጥላ ሥር የሚያልፍ መንገድ ከየትኛውም ከተማ መናፈሻ ይበልጣል። ነገር ግን የገበሬው ማሳ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲቀላ የማያውቀው ሰው በማሳው ሲያልፍ ገበሬው ቢሰጋ ይገባዋል። የቀላ ቡና የለቀመውን ሰው ከሽርሽረኛው ለይቶ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ የማለፍ መብትና ቅጠል የመንካት መብት የተለያዩ መሆናቸው በስምምነት መታወቅ አለበት። መንገዱ በማሳው ጠርዝ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ፣ በለቀማ ወራት ለተወሰኑ ሳምንታት ሌላ አቅጣጫ ማስያዝ፣ ለገበሬው ደግሞ መንገዱ ዳር ቡና አፍልቶ የሚሸጥበት ቦታ መስጠት ይቻላል። እሑድ ዳገት ወጥቶ የደከመ ሰው ለአንድ ስኒ ቡና አይከራከርም።

ይህ ሕልም አይደለም፤ የዞኑ ሰው ከዚህ የከበደውን ሠርቶ አሳይቷል። በለጠ-ጌራ ደን ላይ፣ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ በሸቤ በኩል፣ ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የደኑ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተዋል። የመጀመሪያው ሥራቸው መትከል አልነበረም። ደኑን በእግራቸው ዞረው ወሰኑን መለየትና መስማማት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የማን ቡና ከየት ይለቀማል፣ የማን ከብት የት ይገባል የሚለው ውል የታሰረው። የጫካ ቡናቸውም ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ምስክር ወረቀት አግኝቶ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። በደን ላይ የተሠራው በከተማ ዳር መንገድ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። አስቀድሞ በእግር መዞር፣ ከዚያ መስማማት፣ ከዚያ በወረቀት ማስፈር ነው።

የሚዞረውም ሰው አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከጅምሩ ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር በማያያዝ ይታወቃል፤ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ወደ ቀበሌዎች ወርደው ይሠራሉ። የቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ የቴክኖሎጂ ተማሪ ከክፍሉ ወጥቶ ረግረጉ ዳር ለመድረስ ታክሲ አያስፈልገውም። አንድ ቡድን ተማሪ በስልኩ አቅጣጫ መመዝገቢያ ከፍቶ፣ ከቀበሌው ሽማግሌዎችና ከእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጋር በየመንገዱ ቢሄድ፣ በአንድ የዕረፍት ወቅት የጅሬን፣ የቦሳ ቂጦና የመንደራ ቆጪ መንገዶች ሁሉ በመስመር ይወጣሉ። ማንኛውም ሰው መረጃ የሚጨምርበት እንደ ኦፕን ስትሪት ማፕ ያለ ነፃ ካርታም አለ። ሴቶቹን የምጠቅሰው ለወግ አይደለም። አብረው ካልሄዱ የሚመዘገበው የወንድ መንገድ ብቻ ይሆናል። የሴቶች መንገድ ወደ ምንጭ፣ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ቄጠማ የሚወስደው ነው፤ በማለዳና በምሽት የሚያስፈራው የትኛው ቦታ እንደሆነም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የከተማ መሬት ውድ ነው፣ ሦስት ሜትር መስመር ስትተው ስንት ቦታ እንደሚቀንስ ታውቃለህ የሚለኝ ሰው ይኖራል። አውቃለሁ። የሚቀንሰው ግን መሬቱን እንጂ ዋጋውን አይደለም። ከጀርባው ወደ ጅሬን የሚያወጣ መንገድ ያለው ቤትና ከጀርባው የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ያለው ቤት አንድ ዓይነት ኪራይ አያወጡም። የተዘጋ መንገድ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለው። የእሳት አደጋ ቢነሳ በጠባብ ሰፈር ሰው የሚሸሽበት፣ ጎርፍ ቢመጣ ውሃ የሚወርድበት መስመር ብዙ ጊዜ ያ የቆየ የእግር መንገድ ነው። ሰዎች መንገድ ያደረጉት መሬቱ ራሱ ያንን መስመር ስላሳያቸው ነው።

ወደዚያ አጥር ደግሜ ሄጄ ነበር። ባለቤቱን አገኘኋቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ካርታቸውን አውጥተው አሳዩኝ፤ እውነትም መንገዱ በግቢያቸው ወገብ ላይ ያልፋል። መንገድ እንደነበረ ቦታውን ሲረከቡ የነገራቸው እንደሌለ ነገሩኝ። ስለ እንጨት ተሸካሚዋ እናት አጫወትኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ ከግቢያቸው ጠርዝ በኩል አንድ ሜትር ተኩል ቢለቁ ጎረቤታቸውም ያንኑ ያህል ይለቅ እንደሆነ እንድጠይቅላቸው ላኩኝ። ጎረቤትየው ገና ቤት አልጀመረም፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ስልክ ደውዬለታለሁ፤ ለጥምቀት ሲመጣ ቦታው ላይ ቆመን እንለካዋለን።